«የእነሱ ስፓኒሽ ይቆጠራል፣ የእኔ አማርኛ አይቆጠርም»

ጥያቄ

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን አሉ? ስሜን ባልጽፍ ደስ ይለኛል።

16 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ እንደጨረስኩ ነው። አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ከእኛ ቀድሞ ነው የመጣው፤ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። እናቴ ደግሞ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች።

ችግሬ ስፓኒሽ ነው። አምና ዓመቱን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ጋር ስታገል ከረምኩ። እስካሁንም ኢሶል ክላስ (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) አለኝ። ዘንድሮ ካውንስለሬ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ «አድቫንስድ ዲፕሎማ (ከተራው ከፍ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ) ከፈለግህ የውጭ ቋንቋ ያስፈልግሃል» ብላ ስፓኒሽ አንድ ውስጥ አስገባችኝ። ለእኔ እኮ እንግሊዝኛው ራሱ የውጭ ቋንቋ ነው! አስተማሪዋ ስፓኒሹን የምታስረዳን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን ቋንቋ በቅጡ በማላውቀው ቋንቋ ነው የምማረው።

ይባስ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው ከኤልሳልቫዶርና ከሆንዱራስ የመጡ ናቸው። አስተማሪዋ ጠይቃ ሳትጨርስ ይመልሳሉ። ፈተናውን በአሥር ደቂቃ ሠርተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ኤ ያገኛሉ። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት አጥንቼ ሲ ነው የማገኘው። ሒሳብና ሳይንስ ኤ ነኝ፤ ጂፒኤዬን (አማካይ ውጤቴን) ወደ ታች የሚጎትተው ይህ አንድ ክላስ ብቻ ነው።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እነሱ ቤታቸው የለመዱት ቋንቋ ተቆጥሮላቸው ኤ ያገኛሉ። እኔ ቤቴ የለመድኩት ቋንቋ ግን ዜሮ ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ሚኒስትሪም ላይ ጥሩ ያመጣሁበት ትምህርት ነው። እዚህ «ምን ቋንቋ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን በጣም ተናድጄ አጠገቤ ለሚቀመጠው ልጅ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ድሮ ምሳ አብረን ነበር የምንበላው።

ለአባቴ ስነግረው «ዝም ብለህ ተማር። እኛ ሰው አገር የመጣነው ክርክር ልንገጥም አይደለም» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ከከበደህ ተወው፤ ተራውም ዲፕሎማ ዲፕሎማ ነው» ትላለች። እኔ ኢንጂነሪንግ መማር ነው የምፈልገው። ክላሱን ልተወው? ወይስ ዝም ብዬ ልቀጥል? ደግሞስ ይህ እውነት በደል ነው ወይስ እኔ ቀንቼ ነው?

ግራ የገባው ተማሪ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ ከጠየቅኸኝ ልጀምር። ቅናትም አለበት፣ በደልም አለበት። ሁለቱ ተደባልቀውብህ ነው የከበደህ። ቅናቱ አብሮህ በሚማረው ልጅ ላይ አርፏል። በደሉ ግን ከእሱ የመጣ አይደለም።

በደሉ የቱ ጋ እንደሆነ ልንገርህ። ስፓኒሽ የሚናገር ልጅ አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲገባ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ክላሱ አለ፣ አስተማሪው አለ፣ ከፍ ሲልም ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ በኮሌጅ ደረጃ ያለ የኤፒ ፈተና አለ። የኤፒ የቋንቋ ፈተና የሚሰጠው በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛና በላቲን ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ የለም። አንተ አማርኛን የቱንም ያህል አሳምረህ ብትጽፍ በዚያ መንገድ የምታሳይበት ቦታ አልተዘጋጀልህም። ይህንን በደል ብትለው አልፈርድብህም።

የሚገርመው ደግሞ ይኸው አገር የራሱን ዲፕሎማቶች አማርኛ ሲያስተምር ምን ያህል ጊዜ እንደሚመድብ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ማሠልጠኛ አለው። ስፓኒሽ ለመማር 30 ሳምንት ያህል ይበቃል ሲል አማርኛን ከከባዶቹ ቋንቋዎች መድቦ 44 ሳምንት ይሰጠዋል። ለዚያውም የሙሉ ቀን ትምህርት ነው። አንተ ከእናትህ ቤት ይዘኸው የመጣኸው ነገር ለሌላው ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ስለዚህ «ዜሮ ነው» አትበል። ዜሮ አይደለም። እስካሁን ያልተመዘገበልህ ነገር ነው፤ እንዲመዘገብልህ ማድረግ ደግሞ ይቻላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ጓደኛህ ትንሽ ላውራህ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ቶሎ ብለህ ያለፍከው እሱን ነውና። አዲስ አበባ ስትማር ክፍልህ ውስጥ ቤቱ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጋሞኛ የሚያወራ ልጅ ነበር? አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አንተ ግጥሙን ዘና ብለህ ስታነብ እሱ ሲቸገር አይተህ ታውቃለህ? ፈተናው ግን ለሁለታችሁም አንድ ነበር። አንተ በእናትህ ቋንቋ ተፈተንክ፣ እሱ በሁለተኛ ቋንቋው። ያኔ አጭበርባሪ ነበርክ? አልነበርክም። ቁጭ በል የተባልክበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ያልክ ልጅ ነበርክ። የሆንዱራሱም ልጅ እንደዚያው ነው። እኛ አገር አማርኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለብቻው የሚሰጥበት ቦታ አለ። እዚህም ስፓኒሽ ቤታቸው ለሚናገሩ ልጆች የተለየ ክላስ የሚከፍቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። እናንተ ክፍል ውስጥ ሁላችሁንም አንድ ላይ የቀላቀላችሁ ልጁ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ቤቱ ስፓኒሽ የሚያወራ ልጅ ሁሉ ስፓኒሽ ማንበብና መጻፍ ይችላል ማለት አይደለም። አሜሪካ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ፣ «ሀ ሁ»ን ግን የማያውቁ የሐበሻ ልጆችን አስብ። ከእነሱ ጋር የሚመሳሰሉ ስንት የላቲኖ ልጆች አሉ መሰለህ! የቃል መልስ ላይ ይፈጥናሉ፤ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ይቸገራሉ። በደንብ የሚችለው ደግሞ የሚያውቀውን «እንደምን ዋልክ» ሲማር ዓመቱን እያባከነ ነው። አንተን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ሁሉ እሱንም የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። በዚህ በኩል ስታየው ጉዳያችሁ አንድ ነው።

ይቅርታ ጠይቀው። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። «ያን ቀን የተናደድኩት በራሴ ማርክ ነው፣ አንተን ማጭበርበር ነው ማለቴ ልክ አልነበረም» ብትለው ይበቃል። ዕርቁ ከወረደ በኋላ ሁለታችሁም ፈቃደኛ ከሆናችሁ በሳምንት አንድ ምሳ ሰዓት ስፓኒሽ ብቻ አውሩ። አንተ ሒሳቡን አግዘው፣ እሱ ንግግሩን ያግዝህ። ዕርዳታ ለማግኘት ብለህ ይቅርታ እንዳትጠይቅ ግን፤ ይታወቃል። ይቅርታው ለብቻው ይሁን፣ ሌላው በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልተወው ወይስ ልቀጥል ብለህ ጠይቀኸኛል። ከሁለቱ ውጪ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ያላወቅኸው የነገረህ ሰው ስለሌለ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ተራው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት በአብዛኛው የአንድ ዓመት ክላስ ማለት ነው። አድቫንስዱ 26 ነው። አድቫንስዱ የውጭ ቋንቋ የሚጠይቀው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ ወይ አንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይ ሁለት ቋንቋ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዓመት። ይህቺን ሁለተኛዋን ያዛት። ቋንቋ በክላስ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። በፈተና ክሬዲት የሚሰጡ ካውንቲዎች አሉ። ለምሳሌ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ተማሪዎች ቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ተፈትነው ክሬዲት የሚያገኙበት ሥርዓት አለ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። አንተ በአማርኛ ፈተና የሁለት ዓመት ክሬዲት ብታገኝና ስፓኒሽ አንድንና ሁለትን ብትጨርስ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሁለት ዓመት ሞላ ማለት ነው። ስፓኒሽ ሦስት አያስፈልግህም። ዘንድሮ የለፋህበትም ከንቱ አይቀርም።

ስለዚህ ክላሱን አትተወው። ቢያንስ መልሱን ሳትሰማ አትተወው። እናትህ «ተራውም ዲፕሎማ ነው» ያለችህ ስትንገላታ ማየት አልችል ብላ ነው፤ ልቧን አውቀዋለሁ። ግን አንተ የምታስበው ኢንጂነሪንግ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ ሁለት ዓመት የአንድ ቋንቋ ትምህርት ትራንስክሪፕት ላይ ማየት ይፈልጋሉ። አሁን በድካም የዘጋኸውን በር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ መልሰህ ልክፈት ብትል ጊዜ አይበቃህም።

ካውንስለርህ ጋ ከመሄድህ በፊት ኢሶል አስተማሪህን አናግር። ይህን ምክር አቅልለህ እንዳታየው። እንዳንተ ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ስለሚያልፉበት የኢሶል አስተማሪዎች ይህን ሕግ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በተሻለ ያውቁታል። ካውንስለርህ ደግሞ የብዙ ተማሪ ኃላፊነት አለባት። ክፋት ይኖራታል ብዬ አላስብም፤ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንደምትችል ላታውቅ ትችላለች። ካልነገርካት ከየት ታውቃለች?

ከዚያ ለካውንስለርህ ኢሜይል ጻፍ። ቅሬታ አታስቀድም። የምትችለውን አስቀድም። በአማርኛ እንዲህ አድርገህ አስበውና ከኢሶል አስተማሪህ ጋር ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፤ «እስከ ስምንተኛ ክፍል ኢትዮጵያ ውስጥ አማርኛ ተምሬያለሁ። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። አድቫንስድ ዲፕሎማ እፈልጋለሁ። የአማርኛ ችሎታዬን በፈተና አሳይቼ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት የምችልበት መንገድ አለ ወይ? ፈተናው መቼ ነው? ስንት ክሬዲት ያሰጣል? ማርኩ ጂፒኤዬ ውስጥ ይገባል ወይስ ክሬዲቱ ብቻ ነው የሚመዘገበው? ኢሶል የወሰድኩትስ ለውጭ ቋንቋ ሊቆጠርልኝ ይችላል?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሳት፤ የሚቆጥሩ ቦታዎች አሉ። የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕትህም ቤት ካለ ፎቶ አንስተህ አያይዝላት።

ካውንስለሯ «አናውቅም» ካለችህ እዚያ ላይ አታቁም። በየካውንቲው የውጭ ቋንቋ ትምህርትን የሚመራ ክፍል አለ። ወደዚያ እንድታገናኝህ በትሕትና ጠይቃት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ እወቅ። ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል፣ ሁለት ቋንቋ አሳምሮ ለሚያውቅ ተማሪ ዲፕሎማው ላይ የሚታተም ማኅተም አለ። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የተጀመረው። ዛሬ 50ዎቹም ስቴቶች ዋሽንግተን ዲሲም ተቀብለውታል። አቫንት የሚባል ድርጅት ለዚህ የሚያገለግል ስታምፕ የተሰኘ ፈተና ያዘጋጃል። በአማርኛም አለው፤ መጻፍና መናገርን ይለካል። ማኅተሙን ለማግኘት እንግሊዝኛህም መድረስ ስላለበት የዚህ ዓመት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ግን ዲፕሎማህ ላይ «አማርኛ» ተብሎ ቢታተም እናትና አባትህ ምን ይሰማቸው ይሆን? እኔ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ፈተናውን ግን አትናቀው። «አማርኛዬ ነው፣ ምን ያቅተኛል» ብለው ገብተው የተቸገሩ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ዕለት ኑሮ መግለጽ፣ ያለፈ ነገር መተረክ፣ አስተያየት ሰጥቶ ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ከመጣህ ወዲህ በአማርኛ ሙሉ ገጽ ጽፈህ ታውቃለህ? ለዚህ ዓምድ የላክኸው ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ አረፍተ ነገሮችህ ንጹሕ ናቸው። በየሳምንቱ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ጻፍ። እንግሊዝኛ አትቀላቅልበት። አያትህ አገር ቤት ካሉ ለእሳቸው ጻፍላቸው፤ ልምምድም ይሆንሃል፣ ደስም ይላቸዋል። ፈተናው በእጅ ይሁን በኮምፒውተር ቀድመህ ጠይቅ። በኮምፒውተር ከሆነ የግዕዝ ፊደል መተየብ ከአሁኑ ተለማመድ። ፊደል ፍለጋ ሰዓት እንዳይበላብህ።

(ልጆቻችሁ እዚህ የተወለዱ ወላጆችም ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ጽሑፍ ጭምር ነው። ቅዳሜና እሑድ ፊደል ማስቆጠር ለልጆቻችሁ ክሬዲት ሊያስገኝላቸው ይችላል።)

ስፓኒሹስ? እስከ ሰኔ አብራችሁ ናችሁና ትንሽ እናቅልለው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስፓኒሹን ስታጠና መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው? እንደዚያ ከሆነ ድካምህ ሁለት እጥፍ ነው። በቀጥታ ከአማርኛ ጋር አያይዘው። እኛ «እበላለሁ፣ ትበላለህ» ስንል ማን እንደሚበላ ግሡ ራሱ ይናገራል። ስፓኒሽም «ኮሞ፣ ኮሜስ» ሲል እንደዚያው ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ያደጉ ልጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ትሠራበታለህ። አምስቱ አናባቢዎቹም ለእኛ አፍ አዲስ አይደሉም። ደብተርህን በሁለት ዓምድ ክፈለው፤ ስፓኒሽ በአንድ በኩል፣ አማርኛ በሌላው።

አስተማሪዋንም አናግራት። ክፍል ውስጥ «ይህ አድልዎ ነው» ብትላት ትደነግጣለች፣ አንተም የምትፈልገውን አታገኝም። ከክፍል በኋላ የሚቸግርህን በትክክል ንገራት። «ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ሲሆን ያመልጠኛል፣ ቀድሜ ማየት እችላለሁ ወይ? በቃል ስትጠይቂ ሌሎቹ ቶሎ ስለሚመልሱ ለማሰብ ጊዜ አጣለሁ፣ ተራ ብታስይዢን?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማስተካከል ቀላል ነው። ካንተ ሌላ እንደዚሁ የተቸገሩ ዝምተኞችም ክፍሉ ውስጥ ይኖራሉ።

የቀረው አባትህ ናቸው። «ክርክር ልንገጥም አልመጣንም» ያሉት ፈርተው ይመስለኛል። ሌሊቱን ሲነዱ የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ በክፉ ዓይን ይታይብኛል ብለው ይሰጋሉ። እኛ ያደግነው አስተማሪ በማይጠየቅበት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ልከራከር ነው» አትበላቸው። «አባዬ፣ የምንመዘገብበት ፈተና አለ፣ አማርኛዬ ሊቆጠርልኝ ነው» በላቸው። እንደማስበው ፊታቸው ይፈታል። ከካውንስለሯ ጋር መገናኘት ከፈለጉ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ወላጆች የልጃቸውን ጉዳይ በሚገባቸው ቋንቋ የመስማት መብት አላቸው፣ ክፍያም አይጠየቁም። አንተ ግን አታስተርጉም። በራስህ ጉዳይ ላይ አስተርጓሚ ሆነህ ስትቀመጥ የልጅነት ቦታህን ታጣለህ፤ አባትህም የልባቸውን አይናገሩም።

ቀጠሮውን አታዘግየው። የሚቀጥለው ዓመት የኮርስ ምርጫ ብዙ ጊዜ በጥርና በየካቲት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፈተና በዓመት ውስጥ የሚሰጠው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምዝገባው ደግሞ ቀደም ብሎ ይዘጋል። በዚህ ሳምንት ኢሶል አስተማሪህን አናግር፣ ኢሜይሉን እስከ ዓርብ ላከው፣ የሚሰጡህን መልስ ደግሞ ጻፍልኝ። እምቢ ካሉህም ጻፍልኝ፤ ቀጥሎ ማንን እንደምትጠይቅ አብረን እናያለን።